የረዳት አርታኢነት ፈተና፦ ምን ይታረም፣ ምን ይተው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። መጻሕፍት የሚያሳትም አንድ ድርጅት ባመለከትኩት የረዳት አርታኢነት መደብ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐረር ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ እንድቀርብ ጠርቶኛል። አርታኢ ሆኜ ሠርቼ አላውቅም። ፈተናው ምን ይመስላል? በቀረኝ ጊዜ ምን ላንብብ፣ በምን ልዘጋጅ? ልምድ እንደሌለኝስ በግልጽ ልናገር ወይስ ልሸፍነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ። አትሸፍኚው። ለጀማሪ መደብ የጠራሽ ድርጅት ማመልከቻሽን አይቷል፤ አርታኢ ሆነሽ እንዳልሠራሽ እያወቀ ነው የጠራሽ። ይሁን እንጂ «ልምድ የለኝም» ብሎ ዝም ማለትም ትክክል አይደለም፤ እውነትም አይደለም። በምትሠሪበት ቤት የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የሠርግ ጥሪ በየቀኑ በእጅሽ ያልፋል። ስትተይቢ አንድ ነገር አላምር ብሎሽ ባለቤቱን «ይህ እንዲህ ለማለት ተፈልጎ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽበት ቀን እንደሚኖር አልጠራጠርም። ያ ጥያቄ የአርታኢ ሥራ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ከእንዲህ ያለው አጋጣሚ አንዱን ምን አይተሽ፣ ምን ጠይቀሽ፣ ባለቤቱ ምን እንደመለሰልሽ በዝርዝር ንገሪያቸው፤ የደንበኛውን ስምና የግል ጉዳዩን ግን አታንሺ። ያልታተመ ረቂቅ በአሳታሚ ቤት እንደ አደራ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ የሰው ጉዳይ መጠበቅ እንደምታውቂ ከአነጋገርሽ ይረዱታል።

ወደ ፈተናው ልግባ። አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም መልኩ ይመሳሰላል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ረቂቅ የተወሰደ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይሰጥሻል፤ ከስሕተቶቹ ገሚሱ የጸሐፊው ነው፣ ገሚሱን ፈታኙ ሆን ብሎ ያስገባዋል። አንዳንዱ ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጣል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ አጭር የጽሑፍ ሥራ ሊመጣ ይችላል፤ የምዕራፉን ፍሬ ሐሳብ በአንድ አንቀጽ መጻፍ፣ ለጀርባ ሽፋን የሚሆን ማስተዋወቂያ ማዘጋጀት፣ ወይም ረቂቁ ተቀባይነት ላላገኘ ጸሐፊ ደብዳቤ መጻፍ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ አስቀድመሽ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቢ። «እርማት አድርጊ» የሚለውና «አርትዖት ሥሪ» የሚለው አንድ አይደሉም። እርማት ሲባል የፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የሰዋስው ግድፈት ይለቀማል፤ አርትዖት ሲባል የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ፣ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና የመረጃው ትክክለኛነትም ይመለከትሻል። እርማት ተጠይቃ ገጹን በራሷ ቋንቋ እንደ አዲስ የጻፈች ተፈታኝ፣ ጽሑፉ ቢያምርላትም፣ የተጠየቀችውን አልሠራችም።

በዚህ ነገር ላይ የራሴን ስሕተት ልንገርሽ። የመጀመሪያ ፈተናዬን ስወስድ ወረቀቱን በቀይ ቀለም ሞልቼ ነበር የመለስኩት፤ ብዙ ስሕተት ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር። በጽሑፉ ውስጥ አንዲት አሮጊት ለእንግዶቻቸው ሆጃ ያቀርባሉ። ሆጃ ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም፤ ከቡና ቅጠል ወይም ከገለፈቱ ተፈልቶ ከወተት ጋር የሚጠጣ፣ የሐረር ቤት የሚያውቀው መጠጥ ነው። ሌላ አገር ያለ አንባቢ አይገባውም ብዬ ሰረዝኩትና በላዩ «ሻይ» ብዬ ጻፍኩበት። ፈታኙ፣ አንድ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳርፈው «ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ወይስ አንተ አልወደድከውም?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ጊዜ ሥራውን አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አሁንም ረቂቅ ላይ እስክሪብቶ ከማሳረፌ በፊት ያንን ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የሌሎችን ፈተና ስመለከትም የምፈልገው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ፈታኝ የሚለካው ስንት ቦታ እንዳረምሽ ብቻ ሳይሆን የሚታረመውን ከማይነካው፣ ሁለቱንም ጸሐፊው ካልተጠየቀ ከማይወሰነው መለየትሽን ነው። ስሕተት የሆነውን ታርሚዋለሽ፤ ስሕተት ያልሆነውን፣ ባትወጂውም፣ ትተዪዋለሽ፤ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን በኅዳጉ፣ ማለትም በገጹ ዳር ባለው ባዶ ቦታ፣ ላይ ትጠይቂያለሽ። አንቺ ያልነካሽው ቃልም በፈታኙ ዘንድ መልስ ሆኖ ይነበባል። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በጽሑፍ ላይ እንየው። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ለዚህ መልስ ስል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማብራሪያዬን ከማንበብሽ በፊት እርሳስ ይዘሽ ለብቻሽ ሞክሪው።

«ድሬዳዋ በ1902 ዓ.ም. የባቡር ሃዲዱ ሲደርስ የተመሰረተች ከተማ ናት፡፡ አያቴ ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው ሆጃ እየጠጡ የባቡር ሠራተኞቹን ታሪክ ያጫውቱን ነበር። ባቡሩ ለገሀር ሲደርስ የነጋዴዎቹን ሻንጣ የሚሸከም ልጆች ከየአቅጣጫው ይሮጣሉ፡፡ እኔም ከሰራተኞቹ ልጆች ጋር እሮጥ ነበር። እነዚያን መጻሕፍቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው።»

ቀላሉን እናስቀድም። «የሚሸከም ልጆች» የሚለው «የሚሸከሙ ልጆች» ይሆናል። «መጻሕፍት» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «መጻሕፍቶች» አይባልም፤ «መምህራኖች»፣ «ቅዱሳኖች»፣ «ሊቃውንቶች» የሚሉት ሁሉ የዚህ ወንድሞች ናቸውና ዐይንሽን አስለምጃቸው። «ይሮጣሉ» የሚለው ከፊቱም ከኋላውም ካሉት ግሦች ጋር አይሄድም፤ ተራኪው የሚያወራው ድሮ ይደረግ የነበረ ልማድ ስለሆነ «ይሮጡ ነበር» ሊባል ይገባል። «ሠራተኞቹን» በአንድ ቦታ በሠ፣ «ሰራተኞቹ» በሌላ ቦታ በሰ ተጽፏል፤ «የተመሰረተች» ደግሞ «የተመሠረተች» ነው። «ሃዲድ»ን «ሐዲድ» አድርጊው፤ ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም፤ ቃሉ በዐረብኛ ብረት ማለት ነውና በሐመሩ ሐ መጻፉ መሠረት አለው።

እስካሁን ያለውን አብዛኛው ተፈታኝ ያገኘዋል። የሚቀጥለውን ግን የሚያገኘው በዝግታ የሚያነብብ ነው። 1902 «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1902 መጨረሻ፣ በታኅሣሥ ወር ነው። በእኛ አቆጣጠር 1895 ማለት ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን ከፈረንጅ መጽሐፍ ወስዶ «ዓ.ም.» ጨምሮበታል፤ ከተማዋን በሰባት ዓመት አሳንሷታል። «ለገሀር» ደግሞ ለአዲስ አበባ አንባቢ ትክክል ይመስላል፤ የአንቺ ከተማ ሰው ግን የሚለው «ለገሃሬ» ነው። ጸሐፊው የድሬዳዋ ሰው ከሆነ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሆን ብሎ የመረጠው አጻጻፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ «እነዚያን መጻሕፍቶች» ይላል፤ የትኞቹን? ከዚያ በፊት መጽሐፍ የሚል ቃል አልተነሣም። «ያን ዕለት» ይላል፤ የትኛውን ዕለት? ከፊቱ የተነገረው ሁሉ በየቀኑ ይደረግ የነበረ ነው እንጂ አንድ ዕለት ተለይቶ አልተጠቀሰም። ምናልባት ከመካከል አንድ አንቀጽ ወድቋል። ይህን ያየች ተፈታኝ ፊደል ብቻ ሳይሆን ነገሩን እያነበበች እንደሆነ ፈታኙ ወዲያው ይገባዋል።

የማይነካውስ? ሆጃ አይነካም። «ጠዋት ጠዋት» የሚለውም አይነካም፤ ድግግሞሽ መስሎሽ አንዱን ብትሰርዢው የሰውየውን የዘወትር ልማድ ሰርዘሽ አንድ ቀን ጠዋት ታደርጊዋለሽ። «የባቡር ሠራተኞቹን ታሪክ» በሚለው ላይ «ን» ወደ «ታሪክ» ይሂድ ብለሽ እንዳትደክሚ፤ ባለበት ትክክል ነው።

ጸሐፊውን በምትጠይቂበት ጊዜ አጠያየቅሽ ራሱ ይመዘናል። «ግልጽ አይደለም» ብሎ ኅዳግ ላይ መጻፍ ጸሐፊውን ያስቆጣዋል እንጂ አይረዳውም። ያየሽውን፣ የተጠራጠርሽበትን ምክንያትና ያቀረብሽውን አማራጭ በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ለምሳሌ ዓመቱን በተመለከተ «1902 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተነገረ ይመስላል፤ ሐዲዱ የደረሰበት ጊዜ በእኛ 1895 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በዚህ ይስተካከል?» ማለት ይቻላል። መጻሕፍቱን በተመለከተ ደግሞ «ከዚህ በፊት ስለ መጻሕፍት አልተነሣም። የትኞቹ እንደሆኑ እዚህ ይገለጽ ወይስ የወደቀ አንቀጽ አለ?» ማለት ይበቃል። ጸሐፊው የሃያ ዓመት ወጣትም ይሁን የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ በኅዳግ የሚጻፍ ጥያቄ በአክብሮት ይጻፍ።

የዘመን አቆጣጠሩ በአማርኛ ረቂቆች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ስለሆነ ደንቡን በጣትሽ አውቀሽ ግቢ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር 31፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ወሩን ሳታውቂ ዝም ብለሽ 8 ብትቀንሺ ትሳሳቻለሽ። የየካቲት 1966ቱ አብዮትና ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለቱም በ1974 ውስጥ ናቸው። ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2006 ነው፤ ወሩ ጁላይ ስለነበር በእኛ ሐምሌ 1998 ይሆናል እንጂ 1999 አይደለም። እንዲህ ያሉ ጥቂት ቀኖችን አስቀድመሽ ብትሠሪያቸው በፈተና ሰዓት እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ተፈታኞች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ አነጋገር ስለማይለዩ፣ የግዕዙን ሥር ተከትለን እንጻፍ የሚሉና ፊደሉን ቀንሰን እናቅልለው የሚሉ ሰዎች ረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ አሳታሚዎችም የየራሳቸው ምርጫ አላቸው። እኔ በግሌ ሥሩን መከተል እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም በአንዳንድ ቃላት ላይ ትርጉም ስለሚለይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀች እንላለን፣ ሌባ ግን ሰረቀ። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው፣ በጸሎት ላይ «ሰአሊ» ስንል ግን ለምኚ ማለታችን ነው። ምሁር ከመሀረ፣ ምሕረት ከመሐረ ይወጣሉ። ሆኖም ፈተናው ላይ ከእኔ ምርጫ ይልቅ የሚጠቅምሽ ወጥነት ነው። ገጹ «ሀሳብ» እያለ ከጀመረና ቤቱ መመሪያ ካልሰጠሽ፣ ወይ ሁሉንም «ሐሳብ» አድርጊ ወይ ሁሉንም ባለበት ተዪ፤ የመረጥሽውንም ጻፊ። የት ትጽፊዋለሽ? በጎን በያዝሽው ንጹሕ ወረቀት ላይ። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ አጠራጣሪ ቃል ባገኘሽ ቁጥር የወሰንሽውን አጻጻፍ አንድ መስመር አድርገሽ አስፍሪ፦ ድሬዳዋ እንጂ ድሬ ዳዋ አይደለም፣ ጀጎል እንጂ ጁገል አይደለም፣ እያልሽ። ያንን ወረቀት ከፈተናው ጋር አያይዘሽ አስረክቢ። ማንም አልጠየቀሽም ይሆናል፤ እኔ ግን በፈታኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ተያይዞ ሳገኝ የሰውየውን ስም ከላይ አስቀምጣለሁ።

መዝገበ ቃላት ሳትይዢ አትዘጋጂ። ለግዕዙ ሥር የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ ለአማርኛው የደስታ ተክለ ወልድን የ1962ቱን፣ ለዛሬው አጠቃቀም ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣውን አገላብጪ፤ ከሦስቱ አንዱን ብታገኚም ይበቃል። ኪዳነ ወልድን ካነሣሁ አይቀር ከከተማሽ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ እወቂ። በድሬዳዋ በነበረው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት መጽሐፍ አሳትመዋል። ታላቁን መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ ሳይታተም ሲያርፉ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚጠራው በኪዳነ ወልድ ስም ነው። የሌላውን ሰው ሥራ በሌላው ሰው ስም ከፍጻሜ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠይቁሽ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅልሽም። ለመማረክ ሳይሆን ካመንሽበት ተናገሪው።

ፈተናው በኮምፒዩተር ከሆነ የትየባ ልምድሽ ከብዙዎች ያስቀድምሻል። በአንቀጹ ላይ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በአንድ ምልክት በተሠራው «።» ሲዘጋ አንዳንዱ በሁለት ሁለት ነጥብ «፡፡» መዘጋቱን አይተሽ ይሆናል። ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን አንዱን ስትፈልጊ ሌላውን አያገኝልሽም፤ በገጽ ቅንብር ጊዜም ሁለቱ ነጥቦች ተለያይተው አንዱ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁሉንም ወደ «።» መልሺ። ይሁንና ፈልጎ የመተካቱን ትእዛዝ በጥንቃቄ ተጠቀሚበት፤ «ሰራ» የሚለውን ሁሉ «ሠራ» አድርግ ብለሽ ብታዝዢው «አሰራጨ» የሚለውን «አሠራጨ» አድርጎ ያበላሽብሻል። አንድ በአንድ እያየሽ ተኪ። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ከሆነ አንድ ፊደል ከመንካትሽ በፊት «ትራክ ቼንጅስ» የተባለውን ክፈቺ፤ ያረምሽው ካልታየ ያልሠራሽ ያህል ነው። በድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ተከፍቶ የላቲን ምልክት ክምር ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ ፊደሉ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ የሚያውቁት የፊደል አሠራር፣ አለመሆኑን ለፈታኙ ንገሪው።

ገጹን አንድ ጊዜ ሳትነኪ፣ ሁለተኛ እያረምሽ፣ ሦስተኛ ደግሞ ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ አንብቢው። ሦስተኛው ንባብ የግድ ነው የምለው ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው። «አባቴ አለ» ሲል አባቴ ተናገረ ማለቱ ነው ወይስ አባቴ በሕይወት አለ? «ልጁ ይመታል» ሲል መቺ ነው ወይስ ተመቺ? ጸሐፊው ሲጽፍ በጆሮው የሰማው አንድ ድምፅ ስለነበር አሻሚነቱ አይታየውም፤ አንቺ ጮክ ብለሽ ስታነቢ ምላስሽ ሁለት መንገድ ላይ ይቆማል። እግረ መንገድሽን የቢሮ ቋንቋውን ታገኚዋለሽ፦ «የጽዳት ሥራ አከናወኑ» የሚለው «አጸዱ»፣ «በጉዳዩ ዙሪያ ውይይት አካሄዱ» የሚለው «በጉዳዩ ላይ ተወያዩ» ቢባል ምንም አይጎድለውም። መመሪያው እርማት ብቻ ካለ ግን ይህንንም በሐሳብ ደረጃ ጠቁሚው እንጂ አትለውጪው።

በቀረሽ ሁለት ሳምንት በቀን አንድ ገጽ ይበቃሻል። የደንበኞችን ሰነድ አትጠቀሚ፤ የራስሽን የመመረቂያ ጽሑፍ አውጪና አርሚው። ዓመት ያለፈው የራስ ጽሑፍ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ያላየሽውን ብዙ ታያለሽ። ያረምሽውን ገጽ በማግስቱ መልሰሽ ተመልከቺና ምክንያቱን መናገር ያቃተሽን እርማት ሰርዢው።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ በጣም የሚያስተዛዝበውን ስሕተት አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አሳታሚንና አታሚን ማምታታት ነው። አታሚው ማተሚያ ቤቱ ነው፤ ከፍሎ የሚያሳትመው፣ ረቂቅ የሚመርጠው፣ ከጸሐፊው ጋር የሚዋዋለው፣ የሚያሳርመውና ለገበያ የሚያቀርበው አሳታሚው ነው። የድርጅቱን ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍት ፈልገሽ አንብቢ። ስታነቢ ከርእሱ ገጽ በስተጀርባ ያለውንም እዪ፦ የመብት ባለቤት ማን ነው፣ ስንተኛ ኅትመት ነው፣ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር አለው? በኢትዮጵያ የወጣ መጽሐፍ ባለ 13 አኃዙ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 978 ብሎ በ99944 ይቀጥላል። የቅጂ መብትን ነገር ቢያነሡብሽ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ የጸሐፊው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ረቂቁ ውስጥ የሌላ ሰው ግጥም ሙሉውን ገብቶ ብታገኚ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ የአርታኢዋ ድርሻ ነው።

«ጸሐፊው እርማትሽን አልቀበልም ቢል ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «አሳምነዋለሁ» የሚለው መልስ ጠንካራ ይመስላል፤ እኔ ግን አልወደውም። መጀመሪያ ጸሐፊው ለምን እንዳልተቀበለ እሰማለሁ በይ። የሰዋስው ወይም የመረጃ ስሕተት ከሆነ ማስረጃውን ከመዝገበ ቃላት ወይም ከታመነ ምንጭ አቀርባለሁ፤ የምርጫ ጉዳይ ከሆነ መጽሐፉ የእሱ ነውና እተዋለሁ፤ ከዚህ ካለፈ ለዋና አርታኢው አሳውቃለሁ በይ። አንቺ ረዳት ነሽ፤ የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ ማወቅሽ ከድፍረት ይልቅ ያስከብርሻል።

በምሥራቁ ክፍል የሚሠራ አሳታሚ ስለ ቋንቋ ይጠይቅሻል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የምታውቂ ከሆነ የምታውቂውን ያህል ብቻ ተናገሪ፦ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፣ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፣ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቁቤ ወደ ፊደል የሚመጣ የሰውና የቦታ ስም በአማርኛ ረቂቅ ላይ በየገጹ መልኩን ይለዋውጣልና፣ አንዱን አጠራር ሰምቶ በአግባቡ መጻፍ የሚችል ሰው ለእንዲህ ያለ ቤት ትልቅ ዕርዳታ ነው። እነሱ ጠይቀው ሲጨርሱ አንቺም ጠይቂ፤ ቤቱ የራሱ የአጻጻፍ መመሪያ አለው ወይ፣ ረዳት አርታኢ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከማን ጋር ሆና ትማራለች፣ የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

ሐረር ከድሬዳዋ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ይሁንና የደንገጎ ዳገት መኪና የሚበዛበት ቀን አለና በማለዳ ውጪ። ሹራብ ያዢ፤ የከተማሽን ሙቀት ለምዶ ለመጣ ሰው የሐረር ጠዋት ይበርዳል፣ እየተንቀጠቀጡ ደግሞ ሦስት ጊዜ ማንበብ አይቻልም። ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ እርሳስና ላጲስ፣ የአጻጻፍ ማስታወሻሽን የምትይዢበት ንጹሕ ወረቀት አትርሺ። ሰዓቱ ሳትጨርሺ ቢደርስብሽ የቀረውን በችኮላ አታቅልሚ፤ የቆምሽበት መስመር ሥር ቀጭን መስመር አስምሪና «እስከዚህ አንብቤአለሁ፤ ቀሪው አልታየም» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚበት።